ሳልካን በሐሙሱ መኪና መልሽልኝ

ውድ እናቴ፣

ይህን የሚያነቡልሽ የቁርኣን አስተማሪው እንደሆኑ ስለማውቅ አስቀድሜ ለእሳቸው አንድ ቃል ልበል። ሼኽ፣ የሚያስከፋትን እየዘለሉ የሚያስደስታትን እየጨመሩ ማንበብ ልማድዎ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለደግነትዎ ነው፤ አልቀየምም። የእኔን ደብዳቤ ግን እንዳለ ያንብቡላት።

እማዬ፣ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በይኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስለ ዝናቡ ስጠይቅሽ ጥርት ብዬ እሰማሻለሁ፣ ስለ ላሞቹ ስጠይቅሽም እሰማሻለሁ፣ የሳልካን ስም ሳነሳ ግን «ድምፅሽ ተቆራረጠ» ትዪና ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ፊደሌ እንዲህ የገዘፈው ካልገዘፈ ራሴ የጻፍኩት ስለማይታየኝ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጄን መልሽልኝ። ደብዳቤውን ያመጣልሽ ሾፌሩ ቦባ ሐሙስ ከኪፋ ተነስቶ እኔ ወዳለሁበት ወደ ኑዋክሾት ይመለሳል። ሳልካ ከጎኑ ተቀምጣ ትምጣ። ልብሷ ባይታጠብ፣ ጸጉሯ ባይሠራ ግድ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ቦባ አንቺ ሳታዪ ስልኩን ለሳልካ ሰጥቷት አውርተናል። እሱን አትቆጪው፤ ለምኜው ነው። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ።

«እማ፣ ወፈርኩ እኮ» አለችኝ። «አያቴ እጄን ይዛ ለሰው ሁሉ ታሳያለች።»

«ወተቱን ወደድሽው?»

«የጠዋቱን እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አልወደውም። ኩስኩሱንም አልወደውም፤ ዘይነቡ ነጭ ዱቄት ትነሰንስበታለች፣ ይመራል።»

«ያምሻል እንዴ?»

«ኧረ አያመኝም። ጠዋት ጠዋት ራሴን ብቻ። ደግሞ ገበቴውን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ይጨልምብኝና ተመልሶ ይበራል። ጆሮዬ ውስጥም ሰው ይሄዳል።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«እንጃ። ሹሽ ሹሽ እያለ ነው የሚሄደው። ስሮጥ እሱም ይሮጣል፤ ስተኛ አይተኛም። ለአያቴ ስነግራት ወተቱ ወደ ላይ እየደረሰልሽ ነው አለችኝ።»

እማዬ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ከየት ታመጣዋለች? እኔ የሕመሜን ነገር እሷ ፊት አውርቼ አላውቅም፤ እንዳትፈራ ብዬ። የእኔን ሕመም፣ ምልክት በምልክት፣ ከራሷ አፍ ሰማሁት።

አንቺ የእኔን ሕመም መቼም ጠጋ ብለሽ ሰምተሽው አታውቂም። «ራስ ምታት ያላማት ሴት አሳዩኝ» እያልሽ ታልፊኛለሽ። ዛሬ ግን አምልጠሽ የምትሄጂበት የለምና ስሚኝ።

በእኔ የጀመረው በድምፅ ነው። ጎረቤቴ ጄኔሬተር ያስነሳ መስሎኝ ሄጄ «እባክህ አጥፋልኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ» አልኩት። «ጄኔሬተር ቢኖረኝ በሻማ እቀመጥ ነበር?» አለኝ። እጄን አንገቴ ላይ ሳደርግ ድምፁ ከደም ሥሬ ምት ጋር እኩል ይሄዳል። ቀጥሎ የጠዋቱ ራስ ምታት መጣ። ስተኛ ይብሳል፣ ስነሣ ትንሽ ይተወኛል፣ ሳስል ጭንቅላቴ የሚከፈል ይመስለኛል። ከዚያ ሶላቱ። ግንባሬን መሬት ሳስነካ ዓለም እንዳለ ይጠፋል፤ ቀና ስል ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ይመለሳል። ኃጢአቴ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ብዙ ከረምኩ። ለአንቺ በነገርኩሽ ጊዜ «የሰው ዓይን ነው» ብለሽ ክታብ ላክሽልኝ። ከክታቡ ጋር አንድ ጣሳ ቅቤም ነበረ።

ጨርቅ የምሸጥበት ገበያ ላይም ተዋረድኩ። አንዲት ደንበኛ የምትጠቀለልበትን መልሕፋ ልትገዛ መጥታ ቆማለች፤ እኔ ለሁለት ሴቶች እያወራሁ ነው። «ጓደኛሽም የምትወደው ከሆነ ሁለቱንም እቀንስላችኋለሁ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ አየችና «የትኛዋን ጓደኛዬን?» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጥቁሩንና ድፍን ሰማያዊውን ጨርቅ መለየት ያቃተኝ ቀን ግን አልሳቅኩም። ስለብሰው ያደግኩትን ቀለም ነው ያጣሁት። ጨርቆቹን እንዳሉ ጥዬ ወደ ሐኪም ሄድኩ።

የዓይን ሐኪሟ ዓይኔን በመብራት አየች። መብራቱን አጥፍታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«እህቴ፣ የታመመው ዓይንሽ አይደለም» አለችኝ። «አንጎላችን ውኃ ውስጥ ነው የተቀመጠው። የአንቺ ውኃ ግፊቱ ከልክ አልፏል። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ እንደ ሆድ አይሰፋም። ግፊቱ ያረፈው ከዓይንሽ በስተጀርባ ባለው ነርቭ ላይ ነው፤ አብጧል።»

«ምን አድርጌ ነው?»

«በሁሉም ሰው መንስኤው አንድ አይደለም። አንዳንዴም ጨርሶ አይታወቅም። አንቺን ግን ልጠይቅሽ፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ወፍረሻል? የማወፈሪያ ክኒን ወስደሻል?»

«ዶክተር፣ የማን አገር ሰው ነሽ?» አልኳት።

ሳቅ ሳቅ ሲላት አየኋት፤ ግን አልሳቀችም። እሷም የእኛው አገር ልጅ ናት። ሳልካን ወልጄ ስከሳ አንቺ በሰው እጅ የላክሽልኝን፣ ለከብት ማድለቢያ የተሠራውን ክኒን ነገርኳት። እኛ ለላሟም ለልጅቷም አንድ ጣሳ ነው የምንከፍተው።

ከጀርባዬ በመርፌ ውኃውን ቀዱልኝ። መርፌው ሲገባ አላለቀስኩም። ውኃው ሲወርድ ግን ጆሮዬ ውስጥ ያለው ነገር ጸጥ አለ፤ ያኔ አለቀስኩ። ጸጥታ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ደስታዬ ግን ሳምንቱን አልጨረሰም።

አሁን የምኖረው እንዲህ ነው። ትራስ በትራስ ላይ ከምሬ፣ ቁጭ ያልኩ ያህል ሆኜ እተኛለሁ። ሶላቴን ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። የወደቀብኝን ነገር በእግር ጣቴ አነሳለሁ። መድኃኒቱ ጣቴን ይነዝረኛል፣ ለስላሳ መጠጥ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል። በግራዬ የሚመጣ ሰው እስኪነካኝ ድረስ አይታየኝም፤ ልጆች መኖራቸውን የማውቀው ስረግጣቸው ነው። ጨለማው ቶሎ አልለቅ ያለኝ ቀን ያለሁበትን ጥዬ ሆስፒታል መሮጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጨርቆቹን ረድፍ በረድፍ በቦታቸው አስቀምጣለሁ፤ «ቀዩን» ሲሉኝ ቦታውን እንጂ ቀለሙን አይቼ አልሰጥም። ደግሞም ከሳሁ። ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ስላለችኝ በረሃብ አይደለም፣ በፍላጎቴ ከሳሁ። ድምፁም ረገብ አለልኝ።

ያን ጊዜ ነው አንቺ የመጣሽው። ከመኪና ወርደሽ ከላይ እስከ ታች አየሽኝና «ማን ሞተ?» አልሽ።

«ማንም አልሞተም እማዬ። ከስቼ ነው።»

«ልጄ አጥንቷ ወጥቶ ገበያ መሐል ተቀምጣ? ሰው ምን ይላል? ወተት አጡ፣ ላሞቻቸው አለቁ ነው የሚለው።»

«የፈለገውን ይበል። ዓይኔ እየጠፋ ነው።»

«ወፍራም ሆና ዓይኗ የጠፋ ሴት ባል ታገኛለች። ዓይን ያላት ከሲታ ግን…»

መጨረሻውን ዋጥ አደረግሽው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ታስታውሺያለሽ? እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ሳልካን ጠርተሽ የእጇን አንጓ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ከብበሽ ለካሽ፤ ጣቶችሽም ተደራረቡ። ፊትሽ ላይ ያየሁትን ሐዘን በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ አላየሁብሽም።

«ዝናቡ እስኪያበቃ ከእኔ ጋር ትክረም» አልሽ። «አየር ትቀይር፣ ወተት ትቅመስ።»

«በግድ እየጋቱ ማወፈር የለም፣ እማዬ።»

«ወላሂ፣ የለም።»

እኔ ለሌላ መርፌ ሆስፒታል ልተኛ ነበር፤ የሳልካ አባት ዙዌራት ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ይኖራል፣ ልጅቷን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። አንቺን አምኜ ሰጠሁሽ። ዘይነቡን ድንኳንሽ ውስጥ እንዳስገባሻት የሰማሁት ከቦባ ነው። እኔን በልጅነቴ በግድ ያወፈረችው ዘይነቡ፣ ያችው ራሷ።

እማዬ፣ ክፉ ነሽ አላልኩም። ማንም አንቺን ክፉ ቢልብኝ አንገቱን አንቃለሁ። የእኔ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያስመለስኩትን መልሼ እንድጠጣ ዘይነቡ የእግሬን ጣት በሁለት እንጨት መሐል ስታጣብቅ አንቺ ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጠሽ ታለቅሺ ነበር። ሰምቼሻለሁ። ያን ዓመት ወተቱ ሁሉ ለእኔ ሆኖ አንቺ በሻይ ብቻ ነው የከረምሽው፤ አንቺ እየከሳሽ እኔ ወፈርኩ። የነበረሽን ሁሉ ነው የሰጠሽኝ። ስዳር ሴቶቹ እልል ሲሉ ፊትሽን አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ስለማውቅ ነው ለመቆጣት እንኳ አቅም ያጣሁት። የጎዳኝ ጠላት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

አሁን ደግሞ «እሺ፣ ዘይነቡ ፈጭታ የምትነሰንሰውን ክኒን ተውነው» ልትዪኝ እንደምትችዪ አውቃለሁ። እሱም አይሆንም። ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። ያ ክኒን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥም ግፊቱን ሊያስነሳው ይችላል፤ ሰውነትንም ያዝላል፤ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው የሚተወው አለችኝ። ስለዚህ ዘይነቡ እንዳትሰጣት፣ ደግሞም በራሷ ሐሳብ እንዳትከለክላት። ምንም አታድርጉ፤ ልጅቷን ብቻ ስደዱልኝ። ጣሳውንም አብራችሁ ላኩት፤ ሐኪሟ ልታየው ትፈልጋለች። መንገድ ላይ ጨለማው ከዓይኗ አልለቅ ካላት፣ ወይም ማስመለስ ካበዛች፣ ቦባ ያገኘው ሆስፒታል እንዲያስገባት ነግሬዋለሁ።

«የእኔ የጠፋው ይመለሳል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምንጠብቀው» ነው ያለችኝ። የሳልካ ግን ገና ምኑም አልጠፋም ይሆናል። ይህን «ይሆናል» የሚለውን ቃል ይዤ ነው የማድረው። አንቺ በየቀኑ ገበቴ በሞላሽ ቁጥር ያን ቃል ከእጄ ትወስጂብኛለሽ።

ሰው ምን ይላል ካልሽ ሁሉንም በእኔ አሳብቢ። ተክበር ከተማ ገብታ አበደች፣ ልጇን ታስርባለች በይ። እኔ እቀበለዋለሁ። ባል አታገኝም ካልሽም ከእኔ ጋር ትኑር፤ ጨርቅ ትሽጥ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይታ።

ሐሙስ ማታ መናኸሪያው ላይ ነኝ። ቦባ ያለ እሷ ከመጣ ፖሊስ አልጠራም፣ ዳኛ ዘንድ አልሄድም፤ እናቴን በዳኛ ፊት አላቆምም። እኔው ራሴ በመኪናው እመለሳለሁ። ድንኳንሽ ገብቼ ከሳልካ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዘይነቡ ለእሷ የምታቀርበውን ገበቴ ሁሉ ተቀብዬ እኔ እጠጣላታለሁ፤ የጠዋቱንም፣ የቀኑንም፣ ዱቄት የተነሰነሰበትን ኩስኩስም። አንድ ጠብታ አላስቀርም። አንቺም ከውጭ አትቀመጪም፤ ፊት ለፊቴ ትቀመጪና ታዪኛለሽ። የቀረኝ ብርሃን ሲያልቅ እጄን ዘርግቼ ፊትሽን እየዳሰስኩ «ጨረስኩት፣ እማዬ» እልሻለሁ። ያን ጊዜ ልጄን ትሰጪኛለሽ፤ እኔ ግን መልኳን አላየውም።

እወድሻለሁ። ሐሙስ እጠብቃታለሁ።

ልጅሽ ተክበር