ሊሴሊ እኔ ዘንድ የከረመችበት ዓመት

ሞንጉ

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወገብሽን እንዳልጎዳው ተስፋ አለኝ። የዊንድሁክ ሙቀት ደረቅ ነው ይላሉና ውኃ ጠጪ። እኛ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደኅና ናት። ሊሴሊም ደኅና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አንዱ ብቅ ብሏል። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜ ገብቷል።

ልጅሽን ሊሴሊን ይዘሽልኝ የመጣሽው ባለፈው ዓመት በዚህ ሰሞን ነበር። «እግሬን እስክተክል ነው፣ ቢበዛ ሦስት ወር» ብለሽኝ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርሽ። ዓመቱ ስለሞላ እንዴት እንዳለፈ ልጽፍልሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ብዙ ነገር አይነገርም፤ አንቺም ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ።

ከሥራዬ ልጀምር። አሁንም እዚያው ሬዲዮ ጣቢያ ነኝ፤ አሁንም የጠፋ ከብትና የሞተ ሰው አነባለሁ። ንጉሡ ጎርፉን ሸሽተው በታንኳ ከሜዳው ወደ ደጋው በተሻገሩ ዕለት ከወደቡ በቀጥታ ያስተላለፍኩት እኔ ነበርኩ። እናታችን ሬዲዮውን አቅፋ ስታለቅስ ዋለች አሉ፤ ለኔ ግን «ድምፅሽ ጎርነን ብሏል» ብቻ ነው ያለችኝ።

እናታችን ሩቅ ስለሆነች ሊሴሊን ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቅልኝ ሰው ስላልነበረኝ ይዣት እገባ ጀመር። አለቃችን ሙቢታ «ይሄ ሬዲዮ ጣቢያ ነው ወይስ ሕፃናት ማቆያ?» አለኝ። «ደመወዜን ጨምርልኝና ሞግዚት ልቅጠር» ስለው ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። እሷም ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥላለች። አንድ ቀን ቀንዱ የተሰበረ ጥቁር በሬ ጠፍቶ ማስታወቂያውን አንብቤ ሳበቃ ከጠረጴዛው ሥር «አገኙት እንዴ?» ብላ ጮኸች። አገር ሰማ። ለአንድ ወር ያህል ገበያ ስወጣ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ «አገኙት እንዴ?» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። በሬው ሲገኝ ባለቤቱ ቅል ሙሉ እርጎ ይዞላት መጣ፤ ሙቢታም አብሮ ጠጣ።

የሚቀጥለው ያስቅሻል። ዋና ተማርኩ፤ በአርባ ሦስት ዓመቴ። ውኃ እንዴት እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ጎርፉ ሜዳውን ሲሞላ ግን ልጅሽ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንደ ዳክዬ ገባች፤ እኔ ዳር ቆሜ እጮኻለሁ። ጎረቤቴ እማማ ምዋንጋላ፣ ያቺ ዓሣ አጥማጇ፣ «ልጅ በጩኸት ከውኃ አይወጣም፤ ወይ ግቢ ወይ ዝም በይ» አለችኝ። ተናድጄ ከነሽርጤ ገባሁ። ሴቶቹ «መረብ አምጡ፣ ጉማሬ ገብቷል!» ብለው ተንከተከቱ። ብዙ ቀን እንደ ድንጋይ ሰመጥኩ። ሊሴሊ አገጬን በእጇ ደግፋ «እማ ትልቋ፣ ከውኃው ጋር አትጣዪ እንጂ» ትለኝ ነበር። ጎርፉ ሊሸሽ ሲል ቦዩን ተሻገርኩ። ለምንም አይጠቅመኝም፤ ግን ደስ ይለኛል። እስከዛሬ ለምንም የማይጠቅም ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ብርዱ ሲገባ ወባ ያዛት። ያኔ አልነገርኩሽም፤ ደውዬ አላነሳሽም፣ ከዚያ ተሻላት። ሐኪም ቤት ነርሷ «እናቷ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ረዥሙን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ትኩሳቱ ሲያቃዣት «እማ፣ እማ» ትል ነበር። ስትድን ማንኛችንን እንደጠራች አልጠየቅኋትም።

ውኃው ከሜዳው ከሸሸ ወዲህ «ለእማ እንደውልላት» ማለቷን ተወች። ልጅ ነች፣ ለመደች ብዬ አለፍኩት። ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ተቀምጠን ዓሣ ስናጸዳ ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። እኔ ጎረቤት ሄጄ ሳለ በስልኬ ደውላልሽ ኖሯል። ያነሳው ሰውዬ ነው። «ጥሩ ሰው ነው» አለችኝ፤ «ሎዚ ቋንቋችንን እንደ ድንበሩ የካቲማ ሰዎች እየጎተተ ነው የሚናገረው።» እማ አለች ወይ ብላ ስትጠይቀው ሳቀና «የማን እማ? እዚህ ያለችው ሚስቴ ናት፤ እግዜር ገና ልጅ አልሰጠንም። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አልኳት።

«‹ይቅርታ አባባ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው› ብዬ ዘጋሁት።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ስጠይቃት፣ ከጣቷ ቅርፊቱን እያራገፈች፣ «እንዳይቆጣት ነዋ» አለች። ሰባት ዓመቷ ነው።

ዓሣውን ጨው ነስንሰን ጠበስነውና ከገንፎው ጋር በላን። ከወትሮው አብልጣ በላች።

እህቴ፣ አልፈርድብሽም። ሰው የሚያደርገውን የሚያደርገው በምክንያት ነው፤ ምክንያትሽንም አልጠይቅሽም። ይሄ ለናታችን አልተነገረም፤ አይነገርምም። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ አታስቢ፤ ለሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ሁለተኛ ክፍል እንደምትገባ ከአስተማሪዋ ጋር ተነጋግረናል። በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትመጪው እያልኩ ከዚህ በኋላ አልጨቀጭቅሽም።

አሁን ስጽፍ አይታ ለማን ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና መልእክት አለኝ፣ ጻፊልኝ አለች። ልተወው ነበር፤ ግን እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ስለምታይ እንዳለችው ጽፌዋለሁ፦

«‹የእህቴ ልጅ ናት› በዪው። ያኔ ሳትፈሪ መጥተሽ ታዪኛለሽ። እኔም ‹አክስቴ› እልሻለሁ፤ አልሳሳትም።»

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅ፤ ትዳርሽን ያጽና፤ ልጅም ይስጣችሁ። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ።

ታላቅ እህትሽ፣
የሊሴሊ እናት