የት ነው የዘገየው?

መርሳ፣ እሁድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዮናስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን በስልክ ልነግርህ ደውዬ፣ ሳታነሳው ዘጋሁት። ለእድሩ የሠራሁት ፕሮግራም በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ፍጥነቱ ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።

ኪጋሊ ሶፍትዌር ሥራ እንደገባህ፣ "መጀመሪያ በትክክል ይሥራ። ሰው ሲጠቀምበት እዪ፣ የት እንደሚዘገይ ለኪ፣ ከዚያ ታፈጥኚዋለሽ" ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ማንም ሳይሞክረው ክረምቱን ሙሉ ሳፈጥነው ከረምኩ። አሁን ሰው ሲሞት አንድ ቁልፍ ስጫን መልእክቱ ለእድርተኛው ሁሉ በቅጽበት ይሄዳል። ስለ ፍጥነት ስጠይቅህ ቶሎ ትመልስልኛለህ፤ ስለ እማ ካነሳሁ ወሬውን ወደ ሥራ ትመልሰዋለህ። ለዚያም ይሆናል ማቆም ያቃተኝ። ቤቱ ውስጥ ከተውክልኝ ላፕቶፕ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም።

ዛሬ የእድሩ ስብሰባ ላይ የሙከራ መልእክት ልኬ አሳየኋቸው። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ አያሌው ስልካቸው ሲጮህ ደነገጡና፣

"ቃልኪዳን፣ ሟች እኮ አይሮጥም! ቀብር እንደሆነ ሁሌም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ።

"ኧረ ይተዉአት፣ ጉልበትዎን ልታሳርፍልዎ ብላ ነው" አሉ እትዬ ማርታ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ አለቀስኩ።

እማ ስታርፍ መርሳ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነበርክ። ኔትወርክ ነበር፤ ስልክህም ይሠራ ነበር። ትልልቆቹ ግን "መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚያ ያሉ ያገር ልጆች ተሰብስበው ይንገሩት" አሉ። እስኪሰበሰቡ እማ ተቀበረች። እኔ ክረምቱን ሙሉ ያፈጠንኩት ያልዘገየውን ነው። እንዳልከኝ ብለካው ኖሮ፣ የዘገየው እኛው ጋ እንደሆነ አይ ነበር።

ዮናስ፣ በደንብ ብላ፤ ብርድ እንዳይመታህ። ኪዳነ ምሕረት በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ።

ነገ ኮሚቴው ፕሮግራሙን ይቀበል እንደሆነ ሊወስን ይሰበሰባል። በሰው ፊት መናገር እንደምፈራ ታውቃለህ። ነገ ግን ቆሜ፣ "ሩቅ ያለ ልጅም ስልኩ ይመዝገብ፤ ከጎረቤቱ እኩል ይነገረው። መድረስ ባይችል እንኳ በዚያው ሰዓት አብሮን ያልቅስ" እላለሁ። ሳልጨርስም አልቀመጥም።

እህትህ ቃልኪዳን