ግራና አፋፍ ላይ ስለሰፈረው የማይነቃነቅ ጉም

ለተከበሩ የጉም ውሃ ጥናት ፕሮጀክት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከግራና በላይ አፋፉ ላይ የምኖር፣ ባለቤቴ አሰለፈች ካረፈች ወዲህ ከአንድ በሬዬ ጋር የቀረሁ ሽማግሌ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ፊደሌ በመሠረተ ትምህርት የተለቀመ ስለሆነ ቢጣመምብዎ ይታገሱኝ፤ ጸሐፊ እናምጣልዎ ያሉኝን አልፈልግም ብያለሁ። ይህንንም መርሳ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው መንገደኛው ሁሉ ምስጋናዬን እንዲያነብልዎ ነው።

አንደኛ፣ ከጦርነቱ በፊት ራዳር የተባለውን መሣሪያ እርከኔ ላይ ስለተከሉልኝ አመሰግናለሁ። ራዳሩ ወደ ጉሙ ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱም ነጠብጣቡን ነክቶ ሲመለስ ጉሙ ምን ያህል ውሃ እንዳዘለ ይናገራል ብለው ዮሴፍ የተባሉት ባለሙያዎ አስረድተውኛል። ዕድሜ ልኬን ጉም ሲያበሰብሰኝ ልኩን ሳላውቅ መበስበሴ ያንን ቀን በጣም ቆጨኝ።

ሁለተኛ፣ ጦርነቱ በወልድያ በኩል ሲመጣ ሰዎችዎ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር በመኪና ጭነው ሲሄዱ ራዳሩን ለእኔ ትተውልኛል። እንዲህ ያለ አደራ ለሥጋ ዘመድም አይሰጥም። ኋላ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ አገሩን የያዙት ታጣቂዎች በየቤቱ አንቴና ያለው ነገር ይፈልጉ ጀመር፤ ሬዲዮ የተገኘበት ሰው ሳይቀር ሲወሰድ እኔ ሰማይ የሚያዳምጥ ጎድጓዳ ሳህን ደጄ ላይ አቁሜ ነበር። ጎረቤቴ ሙሐመድዘይን መጥቶ «አያ ደምሴ፣ ወላሂ ይሄ ነገር አንቱን በልቶ አይጠግብም፣ እኔንም ይጨምራል፤ እንከምርበት» አለኝ። ደቦ ጠርተን የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ ከመርንበት። ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንምና ምስጢርዎን መንደሩ በሙሉ እየዘፈነ ደበቀልዎ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያዎ ትጉህ ነው። የፀሐይ ሰሌዳው እንደማንኛውም ሰው መብራት ጣራዬ ላይ ስለሆነ፣ ራዳሩ ጭድ ውስጥም ሆኖ ሥራውን አላቆመም፤ ሲያጉረመርም ይውላል። አንድ ታጣቂ ክምሩን ተደግፎ ሲያርፍ ሰማውና «ምንድነው ይሄ?» ቢል፣ ሙሐመድዘይን «ንብ ሰፍሮበት ነው የኔ ጌታ፣ ቀስ ብለህ ተነሳ» አለው። ሰውዬው ጠመንጃውን ረስቶ ቁልቁል ወረደ፤ ሙሐመድዘይንም ጠመንጃውን በበትር ጫፍ ገፋ አድርጎ አቀበለው።

አሁን ታጣቂዎቹ ሄደዋል፣ ኔትወርኩም ተመልሷል። ወዲያው ዮሴፍ ደወሉልኝ። በሕይወት አሉ ወይ ሳይሉ በደስታ እየተንተባተቡ «አባባ፣ እርስዎ ዘንድ በዓለም ያልታየ ጉም አለ» አሉኝ። ራዳሩ አጠራቅሞ የላከላቸውን በኮምፒውተራቸው እንዳዩት ከሆነ ጉሙ ከኅዳር ጀምሮ ቀንም ሌትም አይነቃነቅም፤ ጠዋት ውሃው ይበዛል፣ ቀትር ላይ ይቀንሳል፤ ሰሞኑን ግን ከአንድ ጎኑ እየሳሳ ምክንያቱ ጠፍቷቸዋል። አጥንተው እስኪጨርሱ ከርሞም እንድጠብቅላቸው አዘዙኝ። ስለ ክብሩ እጅ ነሥቻለሁ።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ሌላው መኖዬ በጦርነቱ ተቃጥሎ ለበሬዬ ለቦራ የቀረው ያ ክምር ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ቦራን ከሙሐመድዘይን በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደን ሁለታችንም የምናርሰው ቦራ መቆም ከቻለ ነው። ካልበላ የሁለት ቤት ማሳ ጦም ያድራል፤ ከበላ ራዳርዎ ይገለጣል። እነሆ የራዳሩ ግንባር ብቅ ብሎ የሚሊሻው አዛዥ «ለማን ስትሰልልበት ነበር?» እያለ ይመላለስብኛል። የማን እንደሆነ እኔ ብነግረው አላመነኝም፤ ስለዚህ ግድግዳው ይንገረው ብዬም ነው የምለጥፈው። ሰኔ ሳይገባ መጥተው ይውሰዱልኝ። ማንቆርቆሪያውንም ይዘው ይምጡ፤ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ።

ለጉምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ቀና መንገድ እየተመኘሁ፣
ያልተሾመው የራዳር ዘብዎና የንቦችዎ አሳዳሪ
ደምሴ እንድሪስ

ማሳሰቢያ፦ ለዮሴፍ በእርጋታ ይንገሩልኝ። ያ የማይነቃነቅ ጉም የጤፍ ጭድ ነው። ጠዋት የሚበዛው ውሃ ጤዛ ነው። ከአንድ ጎኑ የሚሳሳበት ምክንያት ደግሞ ቦራ ይባላል፤ በማንኛውም ሰዓት ቢመጡ እዚያው እያጠና ያገኙታል።