አዲሱ መርፌ ያሰማኝ

ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ለሸክላ ማጫወቻችን የላክሽው መርፌ ደረሰኝ። ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን መጥቶ ገጠመልኝ። አሮጌውን በአጉሊ መነጽር አየና «እትዬ፣ ይሄ እኮ መርፌ አይደለም፣ ማረሻ ነው! ሸክላውን ሲያርሰው ነው የኖረው» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ አባትሽ ክላርኔት የተጫወተበትን፣ በተጋባን ዓመት የተቀዳውን ሸክላ አስቀመጠ። ልጄ፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል! ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ግን፣ ዜማውን ዘፋኙ ሲቀበለው፣ ከኋላ የታፈነ ሳል ሰማሁ።

«ጭረት ነው?» አልኩት።

«አይ እትዬ፣ ሰው ነው የሳለው።»

ሦስቴ አስደገምኩት። የአባትሽ ሳል ነው፤ እኔ ይጠፋኛል እንዴ? እሱን የወሰደብን የደረት ሕመም የጀመረው አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ዓመት «ብርድ ነው» እያለ ሸሽጎኝ ኖሯል። ሐኪም ቤት የሄደውም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ባለፈው እሁድ ስንደዋወል ስልኩን ዘወር አድርገሽ ሳልሽ። «ብርድ ነው እማዬ» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። ዛሬ ግን ሸክላውን አስቁሜ ይቺን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ሟርት አይሁንብኝ፤ በጠባሽው ጡት ልለምንሽ፣ ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ሄደሽ ደረትሽን ታዪልኝ። የሚያስፈራ ነገር ቢነግሩሽም እንዳትሸሽጊኝ። ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልኝ።

እናትሽ