ከጀልባ ተነስቶ መውጣት የለም

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክረምቱ አልጠናብዎትም? ጋሽ ፍቅሬን ሳሉ ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏቸው ይቆጣሉ? እኔና ሸዋረጋ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ስል በአካል ነው። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ወዲህ እንኳ ስንቴ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ እንደዘጋሁ አላውቅም። ሸዋረጋ "ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" ብላኝ ወደ ማድ ቤት ገብታለች።

በስልክ የጠየቁኝን አልዘነጋሁም። "ልጅህ ናታን ጰንጤዎቹ አዳራሽ ሲያገባ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? ቁርጡን ንገረኝ" ብለውኛል። እርስዎ ብቀር እንደሚሻልዎትም አልደበቁኝም። በስልክ አፌ ስለሚተሳሰር መጻፉን መረጥኩ። ልጁ ቤተ ክርስቲያናችንን ትቶ ዙሪክ ካሉት ጋር ከገባ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነን ነው የከረምነው። ሲደውል "እናትህ እዚህ አለች" ብዬ ስልኩን አቀብላለሁ። ቤት ሲመጣ ደግሞ ኮቴን ደርቤ እወጣና ሰፈራችንን ሻትሌንን በእግሬ ስዞር ውዬ፣ እሱ ወደ ባቡሩ ሲሄድ እመለሳለሁ።

ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ጀልባ ላይ የጋበዘኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው አንዲት ትንሽ ጀልባ አለችው፤ ናታንም እዚያ ፓተንት የሚሉትን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አውጥቷል። ሸዋረጋ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ ትኬቱን ራሷ ቆርጣ ሐሙስ ጠዋት ባቡር ላይ አሳፈረችኝ። ዙሪክ ጣቢያ ተቀብሎኝ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። መሐል ውኃ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከጀልባ ተነስቶ መውጣት የለም።

ጀልባዋ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥባት ጉልበት ለጉልበት የምታነካካ ናት። ናታን ትናንሽ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበትን ክር እስከ ውኃው ወለል ይለቅና ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ለእኔም አንድ ሰጠኝ። እሱ ቀስ በል ይለኛል፣ እኔ እንደ ደወል ገመድ እጎትተዋለሁ። ያዘ አልያዘ እያልኩ ቶሎ ቶሎ ሳወጣው አንድም ሳልይዝ ዋልኩ። እሱ ግን ኤግሊ የሚባሉትን ጎናቸው ሽንትርትር ያለ ዓሦች እያከታተለ ያወጣል። እዚህ አገር የተያዘ ዓሣ ሲንፈራገጥ ዝም ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ ወዲያው በትንሽ ዱላ አናቱን ብሎ ይገላግለዋል። በመታ ቁጥር ዓይኔን መለስ አደርጋለሁ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ባቡሩ አወራን፣ ከዚያ ወሬ አለቀብን። አላስችል ብሎኝ ብድግ ስል ጀልባዋ ተንገዳገደች። "አባባ፣ ቢተ፣ እባክህ ቁጭ በል! እንገለበጣለን" አለኝ።

ቀትር ላይ እጄ ሥራ ሲያጣ አጠገቤ ከነበረው ከረጢት በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥቼ ወደ አፌ አስጠጋሁ። ናታን ቀልጠፍ ብሎ እጄን ያዘኝ። "አባባ፣ ፍልሰታ እኮ ነው! ያ የኔ ነው፣ ቅቤና ፎርማጆ አለው። ያንተን ሶልያና በዘይት ሠርታልሃለች። ደግሞ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም" አለኝ። ሶልያና ማለት የሚያገባት ልጅ ናት፤ እኔ ፊቷን ለማየት እንኳ እምቢ ያልኳት። እትዬ፣ ከልጅነቴ ያስጾሙኝ እርስዎ ነዎት፤ ፍልሰታን ገድፌ አላውቅም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ጾም ትቷል ብዬ ያኮረፍኩት ልጅ ጾሜን ጠበቀልኝ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። ልብ ብዬ ሳየው የራሱንም ዳቦ አልነካም። "አንተ ብላ እንጂ" ስለው፣ "ብቻህን ከምትራብ ብዬ ነው" አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አብረን በላን።

በልተን ሳንጨርስ ነፋስ ተነሳ። ሐይቁ ዳር ማዕበል ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርቱካንማ መብራት አለ፤ ነገሩ ሲብስ ይፈጥናል። ቀስ እያለ ብልጭ ማለት ሲጀምር ናታን ክሮቹን ሰበሰበ። አንዱ መንጠቆ የሱሪዬን ጫፍ ይዞት ኖሮ ሊያላቅቀው ተንበረከከ። ቀና ሳይል፣ "በሰርጌ ቀን የምትቀመጥበትን ወንበር አዘጋጅቼልሃለሁ። ጉልበትህን ልስም ወይስ ባዶ ወንበር ልስም?" አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይኸው ነው። እኔም "መብራቱ ፈጠነ፣ ሞተሩን አስነሳ!" አልኩት። ውኃው እየረጨን ዳር ደረስን። ዓሣውን በበረዶ አሽጎ ለእናቱ ሰጠኝና ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። ደግሞ አልጠየቀኝም።

ዓሣው እስከ ጾም ፍቺ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ዓሣ ፍስክ ነው ያሉኝን አልረሳሁም። እኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ ማረፊያ አጥቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ቁርጡን ጠይቀውኛል፤ እሄዳለሁ። በእምነቱ አልተስማማሁም፣ የምስማማም አይመስለኝም። ነገር ግን ልጄ ባዶ ወንበር ፊት ሲንበረከክ እያሰብኩ ቤቴ መቀመጥ አልችልም። ያሳደጉኝን እህቴን ማስቀየም ከባድ ነው። ቢቆጡኝ ደውለው ይቆጡኝ፤ ስልኩን ለሸዋረጋ አላቀብልም። ናታን ገና አልሰማም፤ ከእርስዎ በፊት እንዳይሰማ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ ለልጅዎ ለራሄል በቴሌግራም እንደላክሁ እደውልለታለሁ።

ጋሽ ፍቅሬን፣ ቸርነት ሐኪም ቤት ይሂዱ ብሏል ይበሉልኝ። ይህን የምታነብልዎትን ራሄልን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ ትንሿን ያኔትን ጉንጯን። ሸዋረጋ ጉልበትዎን ትስማለች። ሶልያናም ሰላም ብላለች ልል ነበር፣ ግን ገና አላየኋትም። ሳያት ምን እንደምላት አላውቅም፤ ዳቦዋ ግን ጨው አላነሰውም።

ወንድምዎ ቸርነት
ሻትሌን፣ ጄኔቭ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.