የግራው የድምፅ አውታር

ለእታለም ላቪኒያ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እዚህ ቫቫኡ ደሴት፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነን። የያም ሰብሉም ዘንድሮ አምሯል።

ባለፈው እሑድ መዘምራኑን ልመራ አፌን ብከፍት፣ የታነቀ ዶሮ ድምፅ ወጣኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መጋቢያችንም «ሴሚሲ፣ ያን የሚያደነዝዝ ካቫ ስትጠጣ ነው እንዴ ያደርከው?» አሉኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ሐኪሟ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዬን አይታ፣ «የግራው የድምፅ አውታር ሽባ ሆኗል» አለችኝ። ከዚያ ደረቴን በሲቲ ስካን አስነሳችኝ። «የታመመው ጉሮሮዬ፤ ደረቴ ምን አደረገሽ?» ብላት፣ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችኝና «የድምፅህ ነርቭ በደረትህ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚያ የበቀለ ነገር ተጭኖታል» አለችኝ።

ስትደውዪ ስልክ ያላነሳሁት አፍሬ ነውና አትቀየሚኝ። መዝሙሮቹን ለልጄ ለቪካ በሹክሹክታ እያስተማርኳት ነው፤ ጎበዝ ናት። ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ግን ብታስቀድሚው ደስ ይለኛል።

ኦክላንድ ላሉት ዘመዶች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ ሴሚሲ