ደግፎ ያቆማት እንቅርቷ ነበር

ብርቄ፣

ለቅሶሽ ላይ ከካምባ የመጡት አክስትሽ «ደግፎ ያቆማት እንቅርቷ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። ሌላው ለቀስተኛ እንደ ሙሾ ቆጥሮት አለፈ። እኔ ግን፣ ታውቂኝ የለ፣ የተባለውን እንዳለ ነው የምወስደው። ሠልስትሽ እንዳለፈ ሄጄ ቀዶ ጥገናሽን የሠራውን ሐኪም ጠየቅሁት። ይሥቅብኛል ስል «ልክ ናቸው» አለኝ።

ይኸው ከተለየሽን ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ የራስሽ ጉዳይ ስለሆነ ልንገርሽ። እንቅርቱ ወጥቶልሽ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ከጉሮሮሽ እንዳወጡት ትንፋሽሽ ድንገት እያፏጨ ሲያጥርሽ፣ መጀመሪያ የጠረጠሩት ደም ነበር። ስፌቱን ፈትተው አዩ፤ የቋጠረ ደም የለም። የድምፅሽ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል አሉ፤ እሱም ደህና ነው። ለካ እንቅርቱ ስንት ዓመት ሲጫነው የአየር ቧንቧሽ ለስልሶ ኖሯል። የተጫነውም እሱ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ያቆመውም እሱ። እሱ ሲነሣ ቧንቧው እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣበቀ። ቱቦውን መልሰው እስኪያስገቡ አልጠበቅሽም።

ገረሴ ላይ እናትሽ ግቢ የተነሣነው ፎቶ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል። ከዘመዶችሽ መሀል እንቅርት የሌለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የታመመ የሚመስለውም እኔው ነኝ። እናትሽ ያን ቀን «ባልሽ አንገቱ ቀጥኗል፣ አብዪው እንጂ» አሉሽ። ሲቀላ ቤታችን እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ስትሥቂ ወረድሽ። በዚያ ቤት እንቅርት በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ማን ነበር?

ከጫሞ ዓሣ የሚያመጣልን ሰውዬ ዛሬም ትልቁን «የእሷ ነው» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣል። መሞትሽን ሁለቴ ነግሬዋለሁ። አዎ ይላል፤ ያስቀምጣል።

ነጠላሽን ልጃችን ሰላም ወስዳዋለች። አንገቷ ላይ ስትጠመጥመው ለሐዘንሽ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ፀጉሯን ስትታጠብ አየሁት፤ እንቅርቱ እሷንም ጀምሯታል። ሐኪሙ ቧንቧው ሳይለሰልስ፣ ገና ትንሽ ሳለ ይውጣላት አለ። እሷም «አባዬ፣ እንደ እማዬ እስኪቆይ አልጠብቅም» ብላ ቆረጠች። ማክሰኞ ለቀዶ ጥገና ትገባለች።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ እኔ የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። ማክሰኞ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ከዚያ በኋላም፣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ሰው ሲተነፍስ በሰማሁ ቁጥር አስብሻለሁ።

ሐኪሙ እንዳልሰጋ ነግሮኛል። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኑ ያየው አንዴ ብቻ ነው።

አንቺ ላይ ነው።